የሲት ሱዓድ ጄኔሬተር

አማርኛ የተማርኩት በሹክሹክታ ነው። ስናገር ለምን እንደምጮህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። ባሌ የነበረው ሙሐመድአወል እንኳ «ካንቺ ጋር መኖር ሱቅ ዓረቢ ገበያ መሃል አንጥፎ መተኛት ነው» ብሎ ነው ጥሎኝ የሄደው። ይሂድ! ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ያጠራቀምኩትን ጩኸት ታዲያ ማን ላይ ላውጣው?

ስሜ አብራር ነው። እናቴ መዲና የወሎ ሴት ናት፤ በመተማ አድርጋ ካርቱም ገብታ፣ ማንሺያ ሰፈር ውስጥ ሲት ሱዓድ የምትባል ሀብታም ሴት ቤት ዘጠኝ ዓመት በሠራተኝነት ኖራለች። ልጅ እንዳላት ግን ለአሠሪዋ አልተናገረችም። ልጅ ያላትን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? እኔን ጀሪፍ የምትኖር ሬሕማ የምትባል ጓደኛዋ ታሳድገኝ ነበር። አራት ዓመት ሲሞላኝ ሬሕማ ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ገባች። እናቴም ወዲያ ብትል ወዲህ ብትል መላ ስታጣ፣ የሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከተተችኝና ተሸክማ በጓሮ በር አስገባችኝ። ጓሮው ጥግ ባለችው የሠራተኛ ክፍሏ ውስጥ ሦስት ዓመት ተደበቅኩ።

ሕጉ አጭር ነበር። መሳቅ የለም። ማልቀስ የለም። ሳል ሲመጣ ትራስ መንከስ። ጫማም የለም፣ ኮቴ ይሰማላ! ሳጠፋ የምቀጣው በቁንጥጫ ነበር፤ ቁንጥጫ ድምፅ የለውም። እናቴ ጭኔን ይዛ እያዞረች «እንዳታለቅሺ» ትለኛለች በሹክሹክታ። እኔም አላለቅስም። ሌላው ልጅ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለትን ይማራል። የኔን ስም በድምፅ የጠራው ሰው ስላልነበረ አቤት የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ በሩን በጥፍሯ ሁለቴ ጫር ጫር ታደርጋለች፣ እኔም ምንጣፉን ሁለቴ ጫር ጫር። በቃ፣ ተጠራርተናል ማለት ነው።

አንድ ደስታ ብቻ ነበረኝ፤ የመብራት መጥፋት። መላው ካርቱም መብራት በጠፋ ቁጥር ይራገማል፣ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ምክንያቱም ያን ጊዜ ጥበቃው ጋሽ በየነ «ኤጭ! ዛሬም?» እያለ፣ እያጉረመረመ መጥቶ ከክፍላችን ጀርባ ያለውን ጄኔሬተር ያስነሳል። የዚያ ጄኔሬተር ጩኸት! ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እኔም እዘፍናለሁ፣ እስቃለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ራሴን በስሜ እጠራለሁ። በተለይ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ መብራት የማይጠፋበት ቀን አልነበረም። እንዲህ ሰዓት የሚያከብር መብራት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

በተረፈው ጊዜ በሆዴ ተኝቼ በበሩ ሥር አያለሁ። በበሩና በወለሉ መሃል ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ነበረች፤ በእሷ የሚታየው እግር ብቻ ነው። የጋሽ በየነ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የእናቴ ሁልጊዜ የሚሮጥ እግር፣ የሲት ሱዓድ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ። የሲት ሱዓድ ግራ እግር ላይ የከሰል ጠባሳ አለ፣ ጣት የሚያህል። ከሰል ለቅሜ ካርቶን ላይ እሥላቸዋለሁ። እናቴ ማታ ካርቶኑን ቀዳ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። የመጀመሪያ ሥራዎቼ ሁሉ ሻይ አፍልተዋል።

አንድ ቀን ግን አስነጠሰኝ። ትራሱ ሩቅ ነበር። ሰማያዊው ነጠላ ጫማ ከበሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። ኋላ ዞሮ ሄደ። እናቴ ስትመጣ ነገርኳት፣ ጭኔ ለሳምንት ጠቆረ።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ብላ ጀሪፍ አንዲት ክፍል ተከራየችና፣ ለሲት ሱዓድ «የእህቴ ልጅ ካገር መጣች» አለቻት። ሲት ሱዓድም «ማሻአላህ» ብላ ለእህቷ ልጅ ቀይ ጫማ ገዝታ ላከች። ልክክ ብሎ ገባኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጫማዬ እሱ ነው።

እንግዲህ ሰው እንዲህ አድጎ ምን ይሆናል? እኔ የእግር ሰው ሆንኩ። የሙሽሮች እግር ላይ ሂና እሥላለሁ፤ ጀሪፍና ማንሺያ የኔ እጅ ያላረፈበት የሙሽራ እግር ጥቂት ነው። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ላይ በቀለም እሥላለሁ፣ እግር። ከጉልበት በላይ ሥዬ አላውቅም። ፊት ልሥል ስሞክር እጄ ይደነዝዛል። የምሠራውም ጄኔሬተር ሲጮህ ነው፤ ጸጥታ ሲሆን ቀለሙን እንኳ ሳማስል እሳቀቃለሁ። ሥዕሎቼን ሳጃና ሰፈር፣ ጓደኛዬ እፀገነት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅያቸው ነበር። ሰዉ ሻዩን እየጠጣ «ይቺ ጫማ ሻጭ ናት እንዴ?» ይላል።

እዚያ ነው ኡስታዛ ሂባ ያገኘችኝ። ሂባ ማንሺያ ውስጥ ከአባቷ በወረሰችው ቪላ የሥዕል አዳራሽ የከፈተች ሱዳናዊት ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ አልዋሽም፣ ግን የሰው ስቃይ እንደ ሚጥሚጣ ነው የምትወደው። «ለምን እግር ብቻ?» አለችኝ። ነገርኳት። አፌን በቆረጠው! ዓይኗ እንባ አቀረረና ማስታወሻ ደብተር አወጣች።

«ይገርፉሽ ነበር?» አለች።

«ቁንጥጫ ነበር።»

«ቁንጥጫ…» ጻፈችው፣ መልሳ ሰረዘችው። «አባትሽስ?»

«ሊቢያ ሄደ።»

«ባሕር ላይ ሞተ?» አለች፣ እርሳሷን አዘጋጅታ።

«ኧረ! ትሪፖሊ አግብቶ ሦስት ወልዷል። ወፍሯልም አሉ።»

ቅር አላት። «ይሄን ባንጽፈው ይሻላል» አለችኝ።

ከወር በኋላ ሥዕሎቼ በሙሉ አዳራሿ ውስጥ ተሰቀሉ። ይሄ የሆነው ጦርነቱ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው ነው፤ ማንሺያ ገና ማንሺያ ነበረች። መግቢያው ላይ «ማንም ሳያውቃት ያደገች ልጅ» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጻፈ። እውነቱን ልናገር? ወደድኩት። ሥቃዬ እንዲያ ባማረ ፊደል ተጽፎ አይቼ አላውቅማ። ከፊደሉ ሥር ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ።

የቀረችኝ እናቴ ነበረች። ያን ጊዜ ሥራ ትታ፣ ጉልበቷ አስቸግሯት፣ ጀሪፍ ከኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ያኔም በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። በሽተኛ አይደለችም፣ ለምዶባት ነው። ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ አጎንብሶ ጆሮውን ይሰጣታል። ስሜንማ እስከዚያ ቀን ድረስ ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም ነበር፤ ስትፈልገኝ መጥታ ትከሻዬን ነካ ታደርገኛለች። በየዒዱ ደግሞ ሲት ሱዓድ ቤት በጓሮ በር ገብታ «ዒድ ሙባረክ» ብላ ትመጣለች። እኔ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በደጁ አልፌ አላውቅም።

«እማ፣ ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ትመጫለሽ» አልኳት።

«የበላሽበትን ወጭት ልትሰብሪ?» አለች በሹክሹክታ።

«የበላሁት ካንቺ ድርሻ ነው!»

«እሳቸው ቢሰሙስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አታለለችኝ አይሉም? ፊታቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ?» ሲት ሱዓድን ማለቷ ነው። እናቴ እሳቸው ትላለች፣ እኔ እሷ እላለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ተጣልተናል። «ሆድ ይፍጀው በይው፣ ልጄ። ዝም አይነቅዝም።»

«ነቅዟል እማ! እኔን እዪኝ፣ ነቅዟል።»

አላየችኝም። ያን ጊዜ ቁጣዬ በረደና እውነቱን ነገርኳት። «ሥዕሉ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። መጥተሽ፣ ሰው መሃል ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ ስሜን ጥሪኝና ልጄ ናት በይ። አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ እስክትሞቺ አንሾካሹኪ።»

እናቴ ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረች። ኋላ «ጉሮሮዬ አይችልም» አለች።

ሐሙስ መጣ። የማንሺያ ሴቶች ቶብ የሚባል ባለ ብዙ ቀለም መጎናጸፊያቸውን ለብሰው፣ ሽቷቸው ካጥር ውጭ እየተሰማ፣ የከርከዴ ብርጭቋቸውን ይዘው በሣልኳቸው እግሮች መሃል ይመላለሳሉ። «ሚስኪና!» ይሉኛል እየተቀባበሉ። አንዷ ጉንጬን ሳመችኝና የልጇ ሠርግ መጋቢት ውስጥ እንደሆነ፣ ለሂና ይመቸኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ዐሥር ሰዓት ሞላ፣ ዐሥር ተኩል ሆነ፣ እናቴ የለችም። ጠዋት ቀሚሷን ስትተኩስ አይቼ ተስፋ አድርጌ ነበር። ለካ ሰው ቀሚስ ለመተኮስ ብቻም ይተኩሳል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሂባ አንዲት ባለ ከዘራ አሮጊት ደግፋ ይዛ መጣች። ፊቷን አይቼ አላወቅኳትም፤ በየት አይቼው! ዓይኔ በልማዱ ወደ ታች ወረደ። ክፍት ጫማ አድርጋለች። ግራ እግሯ ላይ ጣት የሚያህል ጠባሳ።

ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ባል ፈትቼ፣ በስሜ ኤግዚቢሽን ተከፍቶልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ትራሱ የት አለ የሚለውን ነው።

ሲት ሱዓድ ትልቁ ሥዕል ፊት ቆመች። ሁለት እግር በሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ በበር ሥር የሚታይ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ሂባ ለእሷ ማስረዳት ጀመረች፤ «ይሄ እንግዲህ ጨካኟ አሠሪ…»

«የኔ እግር ነው» አለች ሲት ሱዓድ።

ሂባ ከሥዕሉ ወደ አሮጊቷ እግር፣ ከእግሩ ወደ ሥዕሉ አየች።

«ጠባሳውን አሳንሰሽዋል፣ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ ወደኔ ዞራ። «ያስነጠስሽ ቀን ነው አይደል? የርሐምኪላህ! ያን ቀን ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት። ሰው አስነጥሶ ዝም ማለት ኃጢአት መስሎኝ እኮ ነው እዚያ በር ላይ የተገተርኩት።»

«ያውቁ ነበር?» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፤ በሹክሹክታ ነው ያልኩት፣ እንደ እናቴ።

«ልጄ፣ የቤቴን ሽንኩርት የማዝዘው እኔ ነኝ። ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት በጓሮ በር ገብቶ ወጥ ውስጥ አንድ ፍሬ ሳላይ ስቀር አልጠይቅም?»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከሦስተኛው። ሁለት ቀን ሽንኩርቱን ጠበቅኩ።»

አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ጠጋ ጠጋ አሉ። ከዚያ ነው ዐሥር ሰዓት ትዝ ያለኝ። በየቀኑ፣ ዐሥር ሰዓት። የጋሽ በየነ ማጉረምረም። «ጄኔሬተሩ…» አልኩ።

«መብራት በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ የሚጠፋ መስሎሽ ነበር?» ሳቀች፣ ጥርስ የላትም። «በየነን አስነሳ እለዋለሁ። ሲትና፣ መብራት እኮ አለ ይለኛል። አስነሳ አልኩህ፣ ያላ! እለዋለሁ። ያበድኩ መስሎት ነበር፣ ሚስኪን። ልጅ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል? ይፈነዳል እኮ። በረንዳ ላይ ሻዬን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ አንቺ ትዘፍኛለሽ። ድምፅሽ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ አስቀያሚ ነበር።»

«ይሰማ ነበር?»

«ጄኔሬተሩ ከጎኑ ላለ ሰው ነው የሚጮኸው። በረንዳ ላይ የሁለታችሁም ድምፅ በደንብ ይሰማል። ቀዩ ጫማስ ልክሽ ነበር? በዓይኔ ነው የለካሁት። በበሩ ሥር የምታዪ አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

እንግዲህ አስቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሣልኩት አንዲት ልጅ ብቻዋን ተደብቃ፣ ዓለም ሳያያት፣ በክፍተት ስታይ ነው። ለካ ዓለምም ጎንበስ ብሎ ያየኝ ነበር። ኮንሰርት ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ልስቅ ይገባኝ ነበር፤ ሴቶቹ መሳቅ ጀምረዋል። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

«ታዲያ በሩን ለምን አልከፈቱትም?» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። «ሦስት ዓመት! አንድ ጊዜ ከፍተው ነይ ውጪ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ሲት ሱዓድ ከዘራዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቋ ጠፋ። «ብከፍተው ምን ልል ነበር? ባሌ ቢሰማ ሁለታችሁንም በዚያው ቀን ያስወጣችሁ ነበር። እሱ ባይሰማ እናትሽ አፍራ በማግስቱ ጓዟን ጠቅልላ ትሄድብኝ ነበር። እንደ መዲና የሚሠራልኝ አላገኝም። እስከዛሬም አላገኘሁ።» ሥዕሉ ላይ ያለውን እግሯን አየችው። «ደግ ነበርኩ አልልሽም። ጄኔሬተሩን ግን አስነስቻለሁ።»

ሂባ ክርኔን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝና፣ ያ ቆንጆ ፊቷ ጠቁሮ፣ «አብራር፣ መግቢያው ላይ ማንም ሳያውቃት ያደገች የሚለውን ምን እናድርገው? ታትሟል እኮ» አለችኝ። ወላሂ፣ ብርጭቆ በእጄ ባለመኖሩ ነው የተረፈችው።

ለመተንፈስ ብዬ በጓዳ በኩል ልወጣ ሄድኩ። ጓዳው ውስጥ፣ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እናቴ ብርጭቆ ታጥባለች።

«መቼ መጣሽ?»

«ዐሥር ሰዓት ላይ» አለች በሹክሹክታ። «በጓሮ በር ገባሁ። ብርጭቆው በዝቶባቸው አየሁና…»

«እማ! ሲት ሱዓድ እዚህ ናት። ታውቅ ነበር! ሁሉንም ታውቅ ነበር!»

ትደነግጣለች፣ ብርጭቆው ከእጇ ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ገለበጠችና ውኃውን አንጠፈጠፈችው። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ማወቃቸውን። በየነ አምፖል በርቶ እያለ ጄኔሬተር ሲያስነሳ እኔ ዕውር ነኝ?»

«ታውቂ ነበር። እንደምታውቅ ታውቂ ነበር። ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ኧረ በአላህ፣ ቀስ በይ» አለችና ወደ በሩ አየች። «እሳቸው አላየሁም ብለው ያን ያህል ሲደክሙልኝ፣ እኔ አውጥቼሽ ላሳፍራቸው? ነውር አይደለም? ባላወቀ ሰው ቤት መደበቅ ቀላል ነው፣ አብራር። አውቆ ዝም ባለ ሰው ቤት ነው ጭንቁ። አንዲት ሳል ብታወጪ ዝምታቸውን ታፈርሺባቸዋለሽ።»

«ስለዚህ ቆነጠጥሽኝ።»

ሌላ ብርጭቆ አነሳች።

«ያስነጠሰኝ ጊዜ፣ ጭኔ እስኪጠቁር! መደበቂያው መደበቂያ አለመሆኑን እያወቅሽ! ሁለት ትልልቅ ሴቶች ስትከባበሩ፣ ስትከባበሩ፣ እኔን ለይሉኝታችሁ መያዣ አደረጋችሁኝ!» እንባዬ ወረደ። ድምፅ ግን የለውም፤ ለቅሶዬ እስከዚያ ሰዓት ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። «ዛሬስ? ዛሬ ማን እንዳያፍር ነው ጓዳ የተደበቅሽው?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠበቅኩ። አንድም ቃል ሳይወጣት ወደ ብርጭቆው ተመለሰች።

በቃ፣ አልኩ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ይሄን ነው። ቦርሳዬን አንስቼ፣ በአዳራሹ መሃል፣ በራሴ እግሮች መሃል አልፌ ወደ ውጭ በር ገሰገስኩ። ጀሪፍ ገብቼ ዕቃዬን ላወጣ፣ ሳጃና እፀገነት ጋ ልተኛ፣ ሁለተኛም «እማ» ላልላት ወስኛለሁ።

የግቢው መሃል ስደርስ መብራት ጠፋ። የምር ጠፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ። ከአዳራሹ «ያ ሳትር!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሂባ ጥበቃውን ተጣራች፣ ወዲያው ከቪላው ጀርባ ጄኔሬተር ተነሳ። የድሮ ዓይነት ነው፣ መሬቱ ሁሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እግሬም ቆመ። አልፈለግኩም፣ ግን ቆመ። ያ ድምፅ ሲመጣ ሰውነቴ ሁሉ ላላ ይልብኛል፣ ምን ላድርግ። ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ማንም አይሰማኝም፣ ቢያንስ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ከሌለ።

ሲወጣልኝ ፊቴን ጠርጌ ዞር አልኩ። እናቴ የአዳራሹ ዋና በር ላይ ቆማለች። በጓሮ አይደለም፣ በዋናው በር። እጇ እርጥብ ነው፣ ከኋላዋ የማንሺያ ሴቶች በሙሉ፣ ሲት ሱዓድም ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። የእናቴ አፍ በሰፊው ተከፍቷል። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። ፊቷን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ትጮሃለች! በጄኔሬተሩ ውስጥ ተደብቃ፣ ማንም እንደማይሰማት እርግጠኛ ሆና፣ ባላት አቅም ትጮሃለች። ምን እንደምትል አይሰማኝም። ስንት ጊዜ እንዳለችው፣ ምን ምን እንደጨመረችበት፣ ይቅርታ ይኑርበት አይኑርበት፣ እስከዛሬ አላውቅም።

መብራት መጣ። ጥበቃው ሰነፍ አልነበረም፣ ወዲያው ጄኔሬተሩን ቀጥ አደረገው።

«…ራር! አብራር! አንቺ ልጄ! ልጄ አብራር!»

ጸጥ ባለው ግቢ ውስጥ የእናቴ ድምፅ አጥሩን አልፎ ሄደ። ወፍራም ድምፅ ነው፣ የገበያ ሴት ድምፅ፣ የኔ ድምፅ። ከርከዴ የያዙት ሁሉ ብርጭቋቸውን ይዘው ደረቁ። እናቴ ራሷን ሰማች። እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ወደ ሲት ሱዓድ አየች።

ሲት ሱዓድ በከዘራዋ ወደኔ ጠቆመቻት። «ድገሚላት እንጂ፣ ሰምተናል» አለች።

እናቴ እጇን ከአፏ ላይ አላነሳችም። መድገሟን አልጠበቅኩም። እዚያው ግቢው መሃል፣ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ፣ ማንሺያ በሙሉ እንዲሰማኝ አድርጌ፣

«አቤት!» አልኳት።